ጎረቤቱን የሚወጋው ባክቴሪያ፦ ቪ52 እና ስውር ጦሩ

ቁረይሻ ከምሥራቅ ሱዳን የድንበር ወረዳዎች አንዷ ናት፤ የምትተዳደረውም በገዳሪፍ ግዛት ሥር ነው። በዚህ አገር ማሽላውና ሰሊጡ ሲደርስ ሠራተኛ ከኢትዮጵያ ይወርዳል፤ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ስደተኛ ከወዲያም ከወዲህም ይሻገራል። ጓንግ ወንዝም ከጎንደር ወርዶ ድንበሩን ሲያልፍ አትባራ ይባላል። ሰውና ውኃ እንዲህ በሚመላለሱበት አካባቢ በሽታም አብሮ ይመላለሳል። በመስከረም 2023 የሱዳን ጤና ሚኒስቴር በገዳሪፍ ኮሌራ መቀስቀሱን አወጀ (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት ከድንበሩ ወዲህ፣ መተማ አጠገብ በሚገኘው የኩመር የስደተኞች መጠለያ የሰፈሩ ሰዎች በዚሁ በሽታ ታመዋል። በቋራ ወረዳ የበርሜል ጊዮርጊስ ጸበልተኞችም በቅርብ ዓመታት ከአተት አላመለጡም።

ኮሌራ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ መርዙ ነው። ማሰባችንም ልክ ነው፤ ሰውን ለሞት የሚያደርሰው ባክቴሪያው በትንሹ አንጀት ውስጥ የሚለቀው መርዝ ነውና። መርዙ የአንጀትን ግድግዳ ሴሎች ያለ ማቋረጥ ጨውና ውኃ እንዲያፈሱ ያስገድዳቸዋል፤ በጽኑ የታመመ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ እስከ አንድ ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል። ይሁንና ባክቴሪያው እዚያ ከመድረሱ በፊት ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል፤ ቦታ መያዝ አለበት። አንጀታችን ከተወለድንበት ቀን ጀምሮ በሰፈሩበት ባክቴሪያዎች የተሞላ ነው። ነባሮቹ ምግቡንም ቦታውንም ይዘዋል። እንግዳው እነሱን ሳይገፋ አይደላደልም። ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ግፊያ ነው፤ በተለይም አንድ ባክቴሪያ በገዛ ሰውነቱ ውስጥ ገጣጥሞ ጎረቤቱን ስለሚወጋበት መሣሪያ።

የመሣሪያው ታሪክ የተጀመረው ከሱዳን በተገኘ ባክቴሪያ ነው። በ1968 በሱዳን ከባድ የተቅማጥ ወረርሽኝ ተነሥቶ 460 ሰዎች ታመሙ፤ 125ቱ ሞቱ። ከአራት ሕሙማን ከአንድ በላይ ማለት ነው። አምጪው ከኮሌራ ባክቴሪያ ወገን ቢሆንም ዓለምን ያዳረሰው ዓይነት አልነበረም። ተመራማሪዎች የኮሌራ ባክቴሪያዎችን በውጭ ሽፋናቸው ላይ ባለው የስኳር ሰንሰለት ይለዩአቸዋል፤ ታላላቆቹን ወረርሽኞች ያመጣው በአብዛኛው ኦ1 የሚባለው ሲሆን የሱዳኑ ኦ37 ነበር። ከዚያ ወረርሽኝ ከተገኙት ባክቴሪያዎች አንዱ ቪ52 የሚል መለያ ተሰጥቶት ተቀመጠ። ዛሬ በዚህ መስክ የሚጻፉ የምርምር ጽሑፎች ቪ52ን ደጋግመው ይጠሩታል፤ ከሟቾቹ ግን የአንድም ሰው ስም በውስጣቸው አይገኝም። ዕውቀቱ ከነዚያ ሰዎች ሕመም የተቀዳ ስለሆነ፣ ስለ መሣሪያው ከማውራቴ በፊት ቁጥራቸውን እንኳ ማስቀደም ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ2006፣ በሐርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት በጆን ሜካላኖስ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ስቴፋን ፑካትዝኪ ቪ52ን ከአሜባ ጋር አገናኘው። ይህ ዓይነቱ አሜባ በአፈር ውስጥ የሚኖር ባለ አንድ ሴል ፍጥረት ነው፤ የሚኖረውም ባክቴሪያ እየዋጠ ነው። በሳህን ላይ ባክቴሪያ ዘርተው አሜባ ቢጨምሩበት፣ አሜባው እየበላ በሄደበት ሁሉ የጠራ ክብ ይታያል። ቪ52 በተዘራበት ሳህን ላይ ክቡ አልታየም። ተበዪው በዪውን ገደለው። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ለማወቅ የባክቴሪያውን ዘረ መሎች በዘፈቀደ እያበላሹ ብዙ ሺህ ልዩ ልዩ ቪ52 አወጡና አሜባ ሊበላቸው የቻለውን መረጡ። በተመረጡት ውስጥ ተበላሽተው የተገኙት ዘረ መሎች ጎን ለጎን የተሰለፉ፣ በአንድ ሥራ የተሰማሩ ነበሩ። ባክቴሪያ ፕሮቲን ወደ ውጭ የሚልክባቸው አምስት ዓይነት መንገዶች ቀድሞ ይታወቁ ስለነበር ይህ ስድስተኛው ዓይነት ተባለ። በዚያው ዓመት ጆሴፍ ሙገስና ባልደረቦቹ ተመሳሳዩን መሣሪያ ቁስልና ሳንባ በሚያጠቃው በፕሴውዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ውስጥ አገኙት። ዘረ መላቸው ከተነበበ ድርብ ሽፋን ካላቸው ባክቴሪያዎች ከአራቱ አንዱ ገደማ ይህን መሣሪያ እንደታጠቀ አሁን ይታወቃል።

መጀመሪያ ላይ መሣሪያው እንደ አሜባና እንደ ሰው ሴል ባሉ ትላልቅ ሴሎች ላይ የተሠራ ይመስል ነበር። በ2010 የፑካትዝኪ ቡድን ካናዳ ውስጥ ቪ52ን ኢኮላይ ከሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ጋር ቀላቅሎ ሲያሳድር ኢኮላዩ በመቶ ሺህ እጥፍ ቀነሰ። ባክቴሪያ ለባክቴሪያ ነው የታጠቀው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ይህ አንቲባዮቲክ በአካባቢ እንደ መርጨት ያለ ውጊያ አይደለም። ሁለቱ ሴሎች ጎን ለጎን ካልተነካኩ ምንም አይደርስም። ሰፊ ውኃ ውስጥ ተበትነው የሚዋኙ ባክቴሪያዎች በዚህ መሣሪያ አይገዳደሉም፤ በአንጀት ግድግዳ ላይ፣ በቅርፊት ላይ፣ በአፈር ቅንጣት ላይ ተጠጋግተው የሚኖሩት ግን ይገዳደላሉ።

አሁን ወደ መሣሪያው እንግባ። ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ በሰገባ ውስጥ ያለ ጦር ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ጦሩን የሚወረውረው ራሱ ሰገባው መሆኑ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከባክቴሪያው ሽፋን ላይ ነው። ጥቂት ፕሮቲኖች ተሰብስበው ሁለቱን ሽፋኖች የሚያቋርጥ በር ያቆማሉ። በበሩ ላይ ከውስጥ በኩል ማስፈንጠሪያ መሠረት ይቀመጣል፤ በመሠረቱ መካከል የጦሩ ጫፍ ይተከላል። ጫፉ ሦስት ተመሳሳይ ፕሮቲኖች ተጠማዝዘው የሠሩት ሹል ሲሆን በአናቱ ላይ ደግሞ ሌላ አንድ ትንሽ ፕሮቲን ተሰክቶ ይበልጥ ያሾለዋል። ከዚያ ዘንጉ ይቀጠላል፤ ስድስት ስድስት ሆነው ቀለበት የሠሩ ፕሮቲኖች አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረደሩ ክፍት ቧንቧ ይሆናሉ። የቧንቧው ውፍረት አሥር ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ቧንቧው ባደገ ቁጥር ሰገባው በዙሪያው አብሮ ያድጋል። የሰገባው ሁለት ፕሮቲኖች በኮሌራ ባክቴሪያ ቪፕኤ እና ቪፕቢ ይባላሉ። ግንባታው ከበሩ ተነሥቶ እስከ ሴሉ ማዶ ግድግዳ ይዘልቃል፤ ርዝመቱ እስከ አንድ ማይክሮን ሊደርስ ይችላል። ሴሉ ራሱ ከሁለት እስከ ሦስት ማይክሮን ብቻ ነውና አንድ ፍጥረት የሰውነቱን ስፋት የሚያህል መሣሪያ በውስጡ ዘርግቷል ማለት ነው። ይህ ሁሉ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ይጠናቀቃል።

ከዚያ ሰገባው ይኮማተራል። ሲገጣጠም የተወጠረ ነበር፤ ጉልበቱ የተከማቸው በራሱ በፕሮቲኖቹ አቀማመጥ ውስጥ ስለሆነ ለመተኮስ ሌላ ነዳጅ አያስፈልገውም። ርዝመቱ በግማሽ ሲያጥር ስፋቱ ይጨምራል፤ በውስጡ ያለው ዘንግ ጫፉን አስቀድሞ በበሩ ይወነጨፋል። ይህ የሚፈጸመው ከአምስት ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። አንዲት የዓይን ጥቅሻ ቢያንስ መቶ ሚሊ ሰከንድ እንደምትወስድ አስቡ። ጦሩ ግማሽ ማይክሮን ያህል ከሴሉ ወጥቶ ጎረቤቱን ይበሳል፤ ወጥቶም አይመለስም። የተኮማተረውን ሰገባ ክልፕቪ የሚባል ሌላ ፕሮቲን እየፈታ ያፍታታዋል፤ ጉልበት የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው። የተፈቱት ቁርጥራጮች በሴሉ ሌላ ማዕዘን እንደገና ይገጣጠማሉ። ስለ ባክቴሪያ ካነበብሁት ሁሉ ይህን ያህል የሚያስደንቀኝ ጥቂት ነው።

ይህን በዓይን ያሳዩን ማሬክ ባስለር፣ ማርቲን ፒልሆፈር፣ ግራንት ጄንሰንና ሜካላኖስ ናቸው፤ በ2012። ባስለር ሰገባውን አረንጓዴ ብርሃን በሚሰጥ ፕሮቲን ምልክት አድርጎ ሕይወት ያለውን ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ ቀረጸው። በፊልሙ ላይ አረንጓዴ መስመሮች በሴሎቹ ውስጥ ሲረዝሙ፣ ድንገት ሲያጥሩ፣ ሲጠፉና በሌላ ቦታ ሲበቅሉ ይታያል። ፒልሆፈር በበኩሉ ሴሎቹን በቅጽበት አቀዝቅዞ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከት የተወጠረውንም የተኮማተረውንም ሰገባ በየመልኩ አገኘው።

መሣሪያው ከየት መጣ? ባክቴሪያን የሚያጠቁ ባክቴሪዮፋጅ የሚባሉ ቫይረሶች አሉ። ከእነሱ አንዳንዶቹ የሚኮማተር ጅራት አላቸው፤ ባክቴሪያ ላይ አርፈው ጅራታቸውን በመኮማተር ዘረ መላቸውን ወደ ውስጡ ያስገባሉ። በ2009 የፕሮቲኖቹ ቅርጽ ጎን ለጎን ሲታይ የስድስተኛው መሣሪያ ጫፍና ዘንግ ከዚያ ጅራት ጋር አንድ ዝምድና እንዳላቸው ታወቀ። ልዩነቱ አቅጣጫው ነው፤ ቫይረሱ ከውጭ ወደ ባክቴሪያው ይወጋል፣ ባክቴሪያው ከውስጥ ወደ ጎረቤቱ።

እንግዲህ ወዴት ነው የሚያነጣጥረው? የዚህ ጥያቄ መልስ ከባክቴሪያ ባክቴሪያ ይለያያል። የኮሌራ ባክቴሪያ አያነጣጥርም። ጎረቤት ይኑርም አይኑር በዘፈቀደ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይተኩሳል፤ ብዙው ጦሩ ባዶ ቦታ ላይ ይቀራል። በጣም በተጨናነቀ ስፍራ ግን ሳያነጣጥር የተኮሰም ይመታል። ፕሴውዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ሌላ ጠባይ አለው። በ2013 ባስለር፣ ብራያን ሆና ሜካላኖስ ሁለቱን ዝርያዎች አንድ ላይ አኖሯቸው። መሣሪያው የተወሰደበትን የኮሌራ ባክቴሪያ ፕሴውዶሞናሱ አልነካውም። የታጠቀውን ግን ገደለው። ጎኑ ላይ ጦር ያረፈበት ፕሴውዶሞናስ የራሱን መሣሪያ የሚገነባው በተወጋበት ቦታ ላይ ነው፤ በሽፋኑ ላይ ያሉ ፕሮቲኖች ቀዳዳውን ተገንዝበው ምልክቱን ወደ ውስጥ ያስተላልፋሉ፣ ግንባታውም እዚያው ይጀመራል። የሚያነጣጥረው በገዛ ቁስሉ ነው። በ2020 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ይህ የአጸፋ ስልት የሚያዋጣው፣ አጸፋ መላሹ ለአንዱ ምት ደጋግሞ ሲተኩስ ነው፤ የቀደመው ጠላት ዕድል አግኝቷልና።

አጸፋው ጦር ለወረወረ ብቻ አይደለም። ኢኮላይ ዘረ መሉን በቧንቧ ወደ ሌላ ባክቴሪያ የሚያስተላልፍበት መንገድ አለው፤ መድኃኒትን የመቋቋም ችሎታ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ከሚዛመትባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። ፕሴውዶሞናስ ይህንንም እንደ ጥቃት ቆጥሮ ላኪውን ይወጋዋል። የማነጣጠር ጉዳይ ሐኪሞችንም የሚመለከት ሆኗል። በ2023 በአሜሪካ የፌንግ ዣንግ ቡድን ፎቶራብደስ በሚባል ባክቴሪያ ውስጥ የሚገኝ የዚህ መሣሪያ ዘመድ የሆነ፣ ከሴል ወጥቶ ለብቻው የሚንሳፈፍ መርፌ ወሰደ። መርፌው ዒላማውን የሚመርጠው በእግሮቹ ስለሆነ እግሮቹን ቀይረው የሰውን ሴሎች እንዲይዝ አደረጉት፤ የፈለጉትን ፕሮቲንም ጭነው ወደ አይጥ አንጎል ሴሎች አስገቡበት።

ጦሩ የሚጎዳው በመበሳቱ ብቻ አይደለም፤ ጫፉ መርዝ ተሸክሟል። ከኮሌራ ባክቴሪያ መርዞች አንዱ የተጠቂውን የሴል ግድግዳ ይቆርጣል፣ ሌላው የሽፋኑን ስብ ይበላል፣ ሌላው ሽፋኑን ይበሳል። የአሜባና የአንጀት ሴልን የውስጥ አጥንት የሚያቆላልፍም አለው። የተወጋው ባክቴሪያ በደቂቃዎች ውስጥ ይድቦለቦልና ይፈነዳል። እያንዳንዱ ባክቴሪያ ለባክቴሪያ ማጥፊያ መርዙ ማርከሻ ፕሮቲን ስላለው እኅትማማቾች ሲወጋጉ አይሞቱም። ማርከሻው የተለየ ከሆነ ግን የኮሌራ ባክቴሪያ የኮሌራ ባክቴሪያን ይገድላል። ወረርሽኝ የሚያስነሡት ዓይነቶች በመርዝና በማርከሻ አንድ ናቸው፤ እርስ በርሳቸው አይጋደሉም፣ ከወንዝና ከሐይቅ ያሉ ዘመዶቻቸውን ግን ያጠፋሉ። በ2016 ደግሞ ባስለርና ባልደረባው አንድሪያ ቬቲገር አንድ እኅት ሴል ከሌላዋ የተወረወረባትን ጦር ቁርጥራጭ ይዛ የራሷን መሣሪያ ልትሠራበት እንደምትችል አሳዩ።

ሞቶ የፈነዳው ጎረቤት ዘረ መሉን በየቦታው ይበትናል። በስዊዘርላንድ ሎዛን የሜላኒ ብሎኬሽ ቡድን በ2015 እንዳሳየው የኮሌራ ባክቴሪያ ያንን ዘረ መል አንሥቶ ከራሱ ጋር ያዋህዳል። ዘረ መል የመቀበል ችሎታውም መሣሪያውም አንድ ላይ የሚከፈቱት ባክቴሪያው ኪቲን ላይ ሲያርፍ ነው፤ ኪቲን የጥቃቅን የውኃ እንስሳት ቅርፊት የሚሠራበት ነገር ነው። በ2019 ይኸው ቡድን በአንዴ ከመቶ ሃምሳ ሺህ የዘረ መል ፊደል በላይ ሊወሰድ እንደሚችል አሳየ። መርዝ ለማምረት፣ መድኃኒት ለመቋቋም የሚያስፈልግ ነገር በዚህ መንገድ ከሟች ወደ ገዳይ ሊተላለፍ ይችላል።

ይህን ሳነብ የገዳሪፍ ሐፊሮች ወደ አሳቤ ይመጣሉ። ሐፊር የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው፤ ሰዉም ከብቱም ለበጋ የሚተማመነው በእሱ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ የቆመ ውኃ ውስጥ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ባለ ቅርፊት እንስሳት ይራባሉ፤ የኮሌራ ባክቴሪያም በቅርፊታቸው ላይ መስፈር ይወዳል። ሪታ ኮልዌል ከዚህ ተነሥታ በባንግላዴሽ 65 መንደሮችን ባካተተ ጥናት በአንዳንዶቹ መንደሮች እናቶች የመጠጥ ውኃን ደጋግሞ በታጠፈ አሮጌ የሳሪ ጨርቅ እንዲያጠሉ አደረገች። ባክቴሪያው ራሱ ከጨርቅ ቀዳዳ ያነሰ ነው፤ የተሸከመው እንስሳ ግን አይደለም። በ2003 የወጣው ውጤት በነዚህ መንደሮች ኮሌራ በ48 በመቶ መቀነሱን አሳየ። በውኃ አጋር (በክሎሪን) ማከም ወይም ማፍላት ይበልጣል፤ ሁለቱም በማይገኙበት ቀን ግን አራት ጊዜ የታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ብዙ ባክቴሪያ ያስቀራል።

ወደ አንጀት እንመለስ። ሮልፍ ፍሬተር በ1950ዎቹ ጊኒ ፒግ ለሚባሉ እንስሳት ስትሬፕቶማይሲን ሰጥቶ ነባር የአንጀት ባክቴሪያዎቻቸውን ሲቀንስ፣ ቀድሞ የማይዛቸው የኮሌራ ባክቴሪያ በአንጀታቸው ተስፋፋ። ነባሮቹ ሲጠበቡ በሩ ሰፋ። በ2018 የሜካላኖስ ቡድን ገና በተወለዱ አይጦች ላይ እንዳሳየው ደግሞ ባክቴሪያው በስድስተኛው መሣሪያ ነባሩን ኢኮላይ ሲገድል ለራሱ ቦታ ከማግኘቱም በላይ የመርዙ ዘረ መሎች ይበልጥ ይሠራሉ፤ የአይጡም ተቅማጥ ይብሳል። በዚያው ዓመት የኦሬጎን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በትንሽ ዓሣ አንጀት ውስጥ ሌላ መላ አዩ። ባክቴሪያው የአንጀቱን ሴሎች ሲወጋ አንጀቱ በኃይል ይኮማተራል፤ ነባሮቹ ባክቴሪያዎችም በዚያ ኩምትርትር ተጠርገው ይወጣሉ። ጎረቤትን ሳይነኩ በቤቱ በኩል ማባረር ነው።

ነባሮቹም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። በሰው አንጀት ከሚገኙት አንዱ የሆነው ባክቴሮይድስ ፍራጂሊስ የራሱ ስድስተኛ መሣሪያ አለው፤ በአይጥ ላይ በተደረገ ሙከራ መርዘኛውን የገዛ ዝርያውን ሳይቀር ከአንጀት አግዷል። ሌሎች በወፍራም ዝልግልግ ሽፋን ጦሩን ይመክታሉ።

ሰውን የሚገድለው የፈሳሽ ማጣት ስለሆነ የኮሌራ ሕክምና የሚጀምረው ከአንቲባዮቲክ ሳይሆን ከውኃና ከጨው ነው። ያልታከመ ጽኑ ኮሌራ እስከ ግማሽ የሚሆኑ ሕሙማንን ሊገድል ይችላል፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ በጊዜው ሲደርስ ሞቱ ከአንድ በመቶ በታች ይወርዳል። አንቲባዮቲክ በዋናነት የሚሰጠው በጽኑ ለደረቁት ነው፤ ለሁሉ ቢታደል መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ያበዛል፣ የአንጀቱን ነባሮችም ይጎዳል። በዳካ ከኮሌራ ያገገሙ ሰዎችን የተከታተለ ቡድን በ2014 እንደዘገበው ነባሮቹ ወደ ተጠረገው አንጀት የሚመለሱት እንዲያው በዘፈቀደ አይደለም። በጤነኛ ሕፃናት አንጀት ውስጥ ባክቴሪያዎች ከሚሰፍሩበት ቅደም ተከተል ጋር የሚመሳሰል ሥርዓት ይዘው ነው። ከተመላሾቹ አንዱ፣ ሩሚኖኮከስ ኦቤዩም የተባለው፣ በአይጦች አንጀት ሲሰፍር የኮሌራ ባክቴሪያን እንደልቡ እንዳይስፋፋ አድርጎታል።